ስድስተኛው ክንፍ

ከዘጌ ስንነሳ፣ አሥራ አንድ ሰው ጭነን፣
ሎሚና ጌሾውን በሸራ ከድነን፣
ከሞተሩ ጎን ላይ ያቺ ቀጭን ሽንት
ትወርድ ነበረ፣ የጤና ምልክት።
ሽንት ሲባል ሰምቶ የሚስቅ ይስቃል፤
ጀልባ የነዳ ግን ትርጉሙን ያውቃል።

ክብራንን ስናልፍ ዞር ብዬ ባያት
ክር ሆና፣ ጠብታ ሆና፣ ከዚያ አጣኋት።

አጠፋሁት ወዲያው። ዝም አለ ሐይቁ።
«ቤንዚን አልቆ ነው?» እያሉ ጠየቁ።
«ኧረ የለም» አልኳቸው፣ «ተጠምቷል ሞተሩ።»
በጣና መሃል ላይ መሳቅ ጀመሩ።

እግሩን ቀለበስኩት፦ እምቦጭ በወንፊቱ፣
ሥሩ እንደ ጥቁር ፀጉር ተጠምጥሞ ባንገቱ።
በቢላ መልጬ፣ በሽቦ ጎረጎርኩ፤
ገመዱን ስቤ «በል ጠጣ» ብዬ ለመንኩ።
ተነሳ። ሸና። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።
ደቂቃ ሳይሞላ ሽንቱ ተንጠባጠበ።

የቀረውን መንገድ መቅዘፊያ ጨበጥን፤
በየተራ ቀዝፈን ሲመሽ ወደብ ረገጥን።

ማታ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ፈታሁ፤
የውሃ ፓምፑን ጎማ በጣቴ አወጣሁ።
አዲስ ነው፤ ክረምት ላይ የቀየርኩት እኔ፤
ስድስቱም ክንፍ ሙሉ፣ ቆጠርኩት በዓይኔ።

ታዲያ ምን ነካው?

ያኔ ትዝ አለኝ፦ አሮጌው ሲወጣ
ከስድስቱ ክንፎች አንዱን ነበር ያጣ።
«የጎደለውን ክንፍ ሳታገኝ አትግጠም፤
ጎማ እንደ ጉም አይተን፣ እንደ ጨው አይሟሟም»
ይለኝ ነበር ስንሻው፣ ሲያስተምረኝ ሙያ።
ያን ቀን ግን ቅዳሜ፣ ሰው የሞላው ገበያ፤
ተሳፋሪ ቆሟል። «ዓሣ በልቶት ነው» አልኩ።
ማታ ሲጠይቀኝ፣
«አገኘሁት» አልኩት።

ቴርሞስታቱን ፈታሁ። አራት ብሎን፤ አንዱ ዝጎ እምቢ ብሎ።
ከጀርባው፣ ጥፍር የምታህል ጎማ፣ የተኮማተረች፣
ስትንከራተት ከርማ
እንደ ባለ ርስት መንገድ ላይ ተቀምጣ የኖረች።

ቴርሞስታቱን በሻይ ማንቆርቆሪያ ጣድኩት።
«የእንግዳ ነው እኮ!» ብትል የኔአየሁ፣
ውሃው ፈልቶ አፉን ሲከፍት አየሁ።
ይሠራል። እሱ አይደለም ጥፋተኛው።

ጎህ ሲቀድ በርሜል ውስጥ ሞተሩን አጠጣሁ፤
ከዚያ ያችን ጎማ ይዤ ወደ ስንሻው ወጣሁ።
ዓይኑ አያይም አሁን። በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
የተበጠሰችበትን ጠርዝ ደጋግሞ መለሰ።
«ይቺ የክረምቷ ናት» አለ።
ዝም አልኩ።
እሱም ዝም አለ፤ ደረት ኪሱ ከተታት።

ሌላ ቃል አልወጣው አያ ስንሻው፤
«እጄን ያዝ» አለኝ፣ «ሲሸና ልስማው።»