ለአሥራ አንድ ቀን የተፈቀደ

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ቅጹን ሲዘረጋ፣
ገና ሳንቃው ሳይላግ፣ ገና ሚስማር ሳይወጋ፣
“መቼ ነው የሚፈርሰው?” ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።
ቀን ይጽፋል፣ ቀን ይሰርዛል፤ ይኸው ነው ውሎው ሙሉ።
“በአሥራ አንደኛው ሌሊት” ብዬ ፈረምሁለት፣
ሳይወለድ ለሚቀበር ስም እንደ ማውጣት።

ጋማራ ነው ሰፈሩ፣ ሊማ፣ የጨርቅ ገበያ፤
ሰማዩ አህያ መልክ፣ ዘንቦ የማያውቅ፣ ካፊያ ብቻ፣ ካፊያ።
ጣቃ በጀርባው የጫነ፣ “ዞር በሉ!” እያለ የሚሮጥ፣
ልብስ ሰፊ፣ ቁልፍ ሻጭ፣ ዚፕ በሜትር የሚሸጥ።
ቆሞ የሚያስብ ሰው እዚያ ይገፋል፣ አለዚያም ይዘረፋል፤
እኔን የቀጠሩኝ ደግሞ ሰው ቆሞ እንዲያስብ ነው፤ ያስቃል።

የኢላሪያን ሥራ መሀል መንገድ ላይ አቆምነው፦
ዘጠኝ ደረጃ፣ የባሕር ዛፍ ሳንቃ፣ መድረሻው አየር የሆነው።
በር የለው፣ ጣሪያ የለው፣ ወደ የትም አያወጣ።
“ምኞትና ከንቱነት” የሚል መግለጫ ለጠፍሁበት።
ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።
ደግነቱ ማንም የለ ያነበበው።

በማግሥቱ ዶኛ ኦብዱሊያን ካልሲ ደርድራበት አገኘሁ፤
የሕፃናቱን ከታች፣ የወንዶቹን ከላይ። ተቆጣሁ።
“ጥበብ ነው እኮ፣ አይነካም!” ብላት፣ ቀና እንኳ ሳትል፣
“ልጄ፣ እሱም ቆሞ ይውላል፣ እኔም ቆሜ እውላለሁ፤
ሁለታችንም ኪራይ አንከፍል።”

በአራተኛው ቀን ነው ያየሁት፣ ኤሌውቴሪዮን፣ ተሸካሚውን፦
ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አምስተኛው ደረጃ ላይ ሸክሙን
አሳረፈ። ተነፈሰ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ።
ከዚያ ገመዱን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ ብቻውን ተነሣ።
ያለ አሸካሚ!
መሬት የወረደ ሸክም ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው፤
ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የማላውቀው።
እስከ ማታ ሠላሳ ሰባት ቆጠርሁ፣ ሁሉም አምስተኛው ላይ።

ለኢላሪያ ደወልሁላት። ዝም አለች። ቆየች።
“ስንተኛው ደረጃ?”
“አምስተኛው።”
“አራተኛው መስሎኝ ነበር” አለችና ዘጋች።

ቀን ይጨመርልን ብዬ ደጅ ጠናሁ። ቅጹን አውጥቶ አሳየኝ፤
የራሴ ፊርማ፣ የራሴ ቀን፤ መልስ አጣሁ፣ ዝም አሰኘኝ።
በአሥራ አንደኛው ሌሊት ሚስማሩን በጉጠት ነቀልን፤
ኦብዱሊያ ካልሲዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ መብራት ያዘችልን።

ሲነጋ ሰጋቱራውን ስጠርግ ኤሌውቴሪዮ መጣ፤
እግሩ የለመደው ቦታ ደርሶ ዞረ፣
ጎንበስ አለ፣ ጀርባውን ለአየሩ ሰጥቶ
ወደ ኋላ ሊያርፍ ሲል
መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥሁ፤ ትከሻዬን ከጣቃው ሥር አስገባሁ።
ስንት ኪሎ እንደ ነበር እንጃ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።
እሱ ግን ተነፈሰ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳይቸኩል፤
ገመዱን አጠበቀና፣ ማን እንደ ያዘለት ዞሮ እንኳ ሳያይ፣
“ዞር በሉ!” እያለ ገባ፣ ሰው መሀል፣ ካፊያው ላይ።