ታጥቦ ብርጭቆ

አርባ ሺህ ፎቶ አለ በስልኬ ሆድ ታጭቆ፤
ማን ገልጦ ያየዋል? ማን ጠየቀው ናፍቆ?
የመብራት ደረሰኝ፣ የበላሁት ፓስታ፣
ሦስት መቶ ጀንበር ከአንድ መስኮት ቦታ፤
አውራ ጣቴ ዝሎ ሽቅብ ሲገፋቸው
አንድም “ቆይ” የሚል የለም ከመካከላቸው።

እናም በጥር አንድ ቀን፣ እዚህ ትሪየስቴ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ አንሥቶ ከነኮቴ
ካንድ አሮጌ ዕቃ ሱቅ በር ላይ ለጠፈኝ፤
ገባሁ፤ ምን ላድርግ? ነፋሱ ነው የላከኝ።
ከዛጉ ማንኪያዎች፣ ከቆሙ ሰዓቶች መሃል
አንድ ካሜራ አየሁ፤ ክብደቱ የጡብ ያህል።
ሰውየው አርባ ዩሮ አለ፤ ሠላሳ አልኩት እኔ፤
በሠላሳ አምስት ወጣሁ፣ አቅፌው በጎኔ።

ልጄ ሐመልማል ጀርባውን ገልብጣ
“አባ፣ ስክሪኑስ?” አለች፣ ፈልጋ ብታጣ።
“የለውም” ስላት ጊዜ አዝና ታዘበችኝ፤
ዓይን የሌለው ውሻ እንደገዛ ቆጠረችኝ።

አንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ነው።
ስንቅ ነው፤ ይሰፈራል፤ ማን በእፍኝ ዘገነው?
በስልክማ ጊዜ እንደ ጤፍ ስበትን፣
አሁን ለአንዲት ፍሬ ከራሴ ስሟገት፣ ስመዝን።

ሰባተኛዋ፦ አሮጊት፤ ጃንጥላዋን ነፋስ ገልብጦት
እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ስትስቅ፣ ሽበቷ ከሻርፑ አምልጦ።
ጫን።
አሥራ ሁለተኛዋ፦ የዓሣ ሻጩ የዳኒሎ ድመት
ሚዛኑ ላይ ተኝታ። ሁለት ኪሎ ከሩብ።
ጫን።
አሥራ ስምንት፦ ባርኮላ ዳር፣ ውኃው ገና ሳይሞቅ፣
ሁለት ሽማግሌ በዋና ቁምጣ ካርታ ሲጫወቱ፣
አንዱ ሲያጭበረብር፣
ሌላው አይቶ እንዳላየ።
ጫን።
ሃያ ሁለት በሰኔ፦ ሐመልማል፣ የፊት ጥርሷን ነቅላ፣
በክፍተቱ ልታፏጭ ስትታገል።
ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ቆየሁ።
ጫን።

ቆጣሪው ሠላሳ ስድስት ሞላ፤ መጠምዘዣው እምቢ አላለም።
ሠላሳ ሰባት። “ምራቂ ነው” አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።
ሠላሳ ዘጠኝ። “የድሮ ሰው ቸር ነበር።”
አርባ አንድ ላይ ጠረጠርኩ።

ሲኞር ኔሬዎ፣ ጣቶቹ በመድኃኒት የነጡ፣
ከጨለማው ጓዳ ወጣ፣ ዝም ብሎ፣
እርጥቡን ፊልም መስኮቱ ላይ ሰቀለው።

ታጥቦ ጭቃ ሲባል ከልጅነት ሰማሁ፤
ታጥቦ ብርጭቆ ግን ያን ቀን ነው ያየሁ።
ጥርት ያለ፤ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ።
የፊልሙ ቀዳዳ ከካሜራው ጥርስ ሳይገጥም
ባዶ ስጠመዝዝ ነው ለካ የከረምኩት፤
አነሣሁ፣ አነሣሁ ስል፣ አንዱም ሳይነሣ።

ቁጥሮቹ ብቻ አሉ፣ ፋብሪካው ያተማቸው፣
እንግዳ እንደቀረበት ሠርግ ወንበሮች ተደርድረው።
ከፊልሙ ጀርባ ባሕሩ ይታያል፤
አንዲት የጭነት መርከብ ከአሥራ ሁለት ወጥታ
ቀስ ብላ ወደ አሥራ ሦስት ገባች።

“አዝናለሁ” አለ ኔሬዎ።
ጣቴን ሰባት ላይ አሳረፍኩ፦ “ይቺ አሮጊት ናት። ጓንቷ አንድ እጅ ብቻ።”
አሥራ ሁለት ላይ፦ “ድመት። ሁለት ኪሎ ከሩብ።”
አሥራ ስምንት ላይ፦ “አጭበርባሪው ግራኝ ነው።”
መነጽሩን አወለቀ፣ ጠጋ አለ፣
የሆነ ነገር ያለ ይመስል።
ሃያ ሁለትን ዘለልኩ።
“ሃያ ሁለትስ?” አለ።
“ጥርስ” አልኩ። “በቅላለች አሁን።”

ለውኃ አላስከፍልም ብሎ ገንዘቤን መለሰ።
አዲስ ጥቅል ከፈተ፤ ምላሱን ጎትቶ፣
ጥርሱን ከጥርስ አግጥሞ፣ ክዳኑን ዘጋው።
“ይቺን የግራ ቁልፍ ተመልከታት” አለኝ፣
“ስትጠመዝዝ ትዙር።
እሷ ካልዞረች፣ ምንም አልሆነም።”

ወደ ዳኒሎ ወረድኩ። ድመቷ የለችም።
ሚዛኑ ላይ ሦስት ሰርዲን፣ ትንሽ ፀሐይ።
ጠመዘዝኩ።
ዞረች።
አንድ።