ዐሥር መስመር

ለመቶ ሃምሳኛው የኮሌጁ በዓል
«ዐሥር መስመር ጻፊ» ብለው አዝዘውኛል፤
ስለ ባለውለታው፣ ስለ ዱጋልድ ማክራይ፣
በዘይት ቀለም ሆኖ ከደረጃው በላይ
ጢሙን አጎፍሮ ቁልቁል ለሚያይ።

ሃሊፋክስ ነው። ጭጋግ ከወደቡ ወጥቶ
መስኮቱን ሲልሰው እንደ ላም ተጠግቶ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከመዛግብት ጋራ፤
ጥቁር ሻይ፣ አንድ አምፖል፣ የመቶ ዓመት አቧራ።

ጻፍኩ፦
«ከአበርዲን መጣ ገና በልጅነት፤
በርሜል ሙሉ ዓሣ፣ ጨው ነስንሶበት፣
ወደ ሞቃት ደሴት በመርከብ እየላከ
ከበረ፤ በሰውም በአምላክም ተባረከ።
ሲሞት ለኮሌጁ ተወ ስምንት ሺህ ፓውንድ፣
እንደ አገሩ ሁሉ እዚህም ሐኪም እንዲወለድ።»

ስድስት መስመር። አራት ይቀረኛል።

ግን በርሜሉን ማን ከፈተው? ማን በላው ያን ዓሣ?
አገዳ ቆራጩ፣ ጀርባው ባለ ጠባሳ፣
ተሸጦ የሚያድር ሰው።
ይህ ሰባተኛው ሆነ።

ዓመቱን ላጣራ ብዬ የወጪ መዝገብ ገለጥኩ፤
ጥር ወር፣ በደበዘዘ ቀለም፦

ሻማ፣ ሁለት ደርዘን።
ለበረኛው ጉርሻ።
አቡጀዲ፣ ስድስት ክንድ።
ጨው፣ ከማክራይ መጋዘን፣ አንድ በርሜል።
ሴት፣ ከድሆች መጠለያ፣ አንዲት።

በጨውና በሴቲቱ መሀል
ባዶ መስመር እንኳ አልተተወም።

ስሟን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።
ዶርካስ ታይንስ፣ አጣቢ፣ ዕድሜ አርባ ስድስት፣
በሳል የሞተች፣ ጠያቂ የሌላት።
የሆስፒታሉን አንሶላ ዘመኗን ሙሉ አጥባ
በስተመጨረሻ ባንዱ ተጠቅልላ ገባች።
ተነሺ የሚላት አልመጣም።
የመጣው መምህሩ ነው፣ አበርዲን የተማረ፤
ክንዷን ወደ ሻማው አንሥቶ ጅማቷን ቆጠረ።
ሃያ ሁለት ወጣት ዙሪያዋን ቆመው
ልብ የት እንደሚተኛ ከልቧ ተምረው
ሄዱ፤ ወደ ዓሣ አጥማጁ፣ ወደ ከሰል ቆፋሪው፣
ስብራት ሊጠግኑ፣ ምጥ የጠናባትን ሊያዋልዱ።

«ባለውለታ» ልበላት?
ውለታ የሚውል ሰው አስቀድሞ እሺ ይላል።
እርሱ ሰጠ።
እርሷ ግን ተወሰደች።
እርሱ አክባሪ አላጣም፤ እርሷ ቀባሪ አጣች።
የዚህ ስሙ ውለታ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። ጽፌ ላክሁ።
ሰብሳቢዋ መለሱልኝ፦ «ያምራል። ግን ለበዓል ነው፤
የታችኞቹ አራት ይውጡ።»

ናሱ ግን ለዐሥር መስመር ተቆርጦ ነበር።

ዛሬ ከሥዕሉ ሥር ተሰቅሏል፤
ስድስቱ ተቀርጸው፣ ከታች ባዶው ያበራል።
አንዲት ተማሪ፣ ፈተና እየጠበቀች፣
በባዶው ናስ ፊቷን አየች፣ ሻርፗን አስተካከለች፤
ከዚያ ሁለት ጣቷን የእጅ አንጓዋ ላይ አሳርፋ
መቁጠር ጀመረች፣
ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።