ያለ ምርቃት

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከፈረስ መጋላ፣
ሐልዋ ስመዝን፣ ለሌላ፣ ለሌላ፣
ሚዛኑ ቢቆም እንኳ እጄ አይቆምም ነበር፤
ቆረስ አድርጌ ከላይ፣ ምርቃት፣ ለፍቅር።
ሕፃን ከመጣማ ሁለቴ መረቅሁ፤
ቢላዋው ላይ የቀረውን እኔው ራሴ ላስሁ።
ማን ቆጥሮት ያውቃል፣ የቢላዋ ልሳሽ!

ከሰዓት፣ በርጫ ላይ፣ ሻዬ በአራት ማንኪያ፤
ለመራራው ቅጠል፣ ስኳር ማስታረቂያ።

ከዚያ ጥም መጣ። ጥም ብላችሁ ጥም!
(በሐረር ውሃ ወረፋ፣ ይህ ቀላል አይደለም።)
አንድ ጀሪካን ሙሉ ጨረስኩት ሳይነጋ፤
ሙንተሃ፣ «ግመል ነው ያገባሁት?» ብላ ሳቀች ከአልጋ።
ሳቋ አልሰነበተም፤ ማለዳ ጉንዳን ስታይ
ተሰልፎ ሲወርድ፣ ሽንት ቤታችን ጉድጓድ ላይ።

ሲስተር ዘርፌ፣ ጣቴን ወጋ አድርጋ፣
«ስኳር አለብህ» አለችኝ፣ ረጋ ብላ፣ ረጋ።
ሳቅሁኝ። «እሱን ደግሞ ማን ነገረሽ፣ እህቴ?
ሁለት ኩንታል አለብኝ፣ ደብተሩ አለ ቤቴ።»

እሷ አልሳቀችም። ቡጢዋን ጨብጣ፣
«ዳቦህ ይህን ታክል፤ ከዚህ አትውጣ።
ከሩዝ ከእንጀራ፣ የአንዱ ነው ምርጫ፤
ሻይህ ያለ ስኳር፤ ጥንቅር ይበል በርጫ።
ማንጎ ቢያምርህ፣ ለሁለት ክፈለው፤
ግማሹ ያንተ ነው፣ ግማሹን ለሚስትህ በለው።»
ለእኔ፣ ለባለ ሚዛኑ፣ በቡጢ ሰፈረችልኝ፤
ደጃፍ ስደርስ ደግሞ፣ ጠርታ ጨመረችልኝ፦
«ያለ ምርቃት!»

እነሆ አራት ዓመት፣ በዱቤ ደብተሬ
ከሰው ዕዳ ጎን ይጻፋል ቁጥሬ፦
ሀጂ ጀማል፣ ሁለት ኪሎ። እኔ፣ መቶ አርባ።
የሙሽራው ቤት፣ አሥር ኪሎ። እኔ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ።
(የሰርጉ ለት ነው። ሰምቡሳ።)
ሰው ዕዳውን ሲጠየቅ «ነገ» ብሎ ያልፋል፤
ደም ነገ አያውቅም፤ የበላሁትን ይለፈልፋል።

አሁን ሙንተሃ ነች የምትቀምሰው፣ ማማሰያውን ይዛ፤
እኔ ቅንድቧን አነባለሁ፤ ሄሉ አነሰ ወይ በዛ።

ያለፈው ሐሙስ ግን፣ መርፌዬን ወግቼ
ቁርስ ሳልቀምስ ወጣሁ፣ ለገበያ ሳስቼ።
ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሚዛኑ ሁለት ሆነ፤
ላቤ ቀዘቀዘ፣ ጭጋግ ዓይኔን ሸፈነ።
ኢምራን፣ የሱቁ ልጅ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ
ከትሪው ቦጨቀና፣ በእጁ አጎረሰኝ።

አራት ዓመት ሙሉ በቅንድብ ያነበብኩት፣
ሄሉን፣ ሎዙን፣ ቅባቱን፣ በምላሴ አገኘሁት።
ገዳዬ ነው ብዬ ስሸሸው የኖርኩት
እጄን ይዞ አስነሳኝ፣ ከወደቅሁበት።

«ስንት ግራም ነው?» አልኩት፣ ዓይኔ ገና ሳይጠራ።
«እኔ እንጃ» አለ፣ ድምፁ እየፈራ፤
«አልመዘንኩትም። ምርቃት ይሁን።»

ከዚያ ቁርሴን በላሁ፣ አንድ ቡጢ ዳቦ፣
እጄ እስኪጸና። ደብተሩን ገልጬ፣
ከሀጂ ጀማል ሥር፣ በተንጋደደ ፊደል፦
እኔ፣ አርባ ስምንት።
የኢምራን፣ አንድ ቁራሽ፣
አለብኝ።