የፈሰሰ ናፍጣ

ከጣርማበር ወዲያ ጉሙን ሰነጣጥቀን፣
መሐል ሜዳ ገባን በአንድ ፒካፕ ታጭቀን፤
እኔ ንብረት ቆጣሪ፣ ፀዳለ መሐንዲስ፣
ሹፌሩ ላቀው ደግሞ ስለ ጎማ ሚያለቅስ።

የያዝነው ደብዳቤ፣ ማኅተሙ የደማ፣
«ጣቢያው አርጅቷልና ይነቀል» ይል ነበር፤ ሌላ ቃል የለው'ማ።

አቶ አጥናፍሰገድ፣ ባና ተከናንበው፣ በሩ ላይ ጠበቁን፤
ቁልፉን አሳዩንና ኪሳቸው መለሱት፣ ገና ሳያስገቡን።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ዐሥራ ሁለት ሲሞላ
ሞተር ቀስቅሰው ያበሩ፣
ከሌሊቱ ስድስት አገሩን በሙሉ
አስተኝተው ያደሩ፣
የኅዳር ውርጭ ሲብስ፣ ናፍጣው እንዳይረጋ፣
ባናቸውን ገፈው በርሜል ያለበሱ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ፣
እኚህ ናቸው።

ብሎን ከብሎን ጋር በዝገት ተጋብተው
ፍቺ እምቢ ሲሉ አይታቸው፣
ፀዳለ ዘይት ቀብታ፣ ጠብቃ፣ በመዶሻ ዳኝታ፣
አንድ በአንድ አፋታቻቸው።
እኔ እጽፋለሁ፦ ራዲያተር አንድ፣ የተሸነቆረ፤
ፒስተን ስድስት፤ ጀነሬተር አንድ፣ ጥቅሉ ያረረ፤
ሰዓት፣ የቆመ፣ አንድ። ባዶ በርሜል፣ ዐሥር።
የቀለጠ ሻማም አገኘሁ ከመሳቢያው ሥር፤
መብራት ቤት ውስጥ ሻማ!
አልጻፍኩትም እሱን።

ማታ በማረፊያው ብርዱ እንቅልፍ ሲነሣን፣
ፀዳለ ነገረቻቸው የተማረችውን፦
«በሌላ አገር፣ ጋሼ፣ አቶም ሰንጥቆ የሚያነድ ኩባንያ አለ፤
ጣቢያው ሲያረጅበት፣ ያነደደው ራሱ ሊያፈርሰው ማለ።
ቁልፍ መዝጋት አይደል።
እሳቱ ቢጠፋም ግለቱ በውኃ ዓመታት ይቆያል፤
ግድግዳው ተቆርጦ፣ ተቆጥሮ፣ ታሽጎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤
ያፈረሰው ሲያረጅ ልጁ ይረከባል፤
አመዱን ግን፣ ጋሼ፣ የልጅ ልጅ ልጅ እንኳ ቆሞ ይጠብቃል።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፦
«ደመወዙስ?» አሉ፤ «ለጠፋ እሳት ዘብ የሚከፍል ማነው?»
«ኩባንያው አስቀድሞ፣ ሲያበራ ሳለ ነው
የማጥፊያውን ገንዘብ ለብቻው ያኖረው።
መቼም እንዲያ ይላሉ።»
«ካልፈሰሰ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ላይ መሬቱ ተቆፈረ።
መዝገቡ «ፈሰሰ»፣ «ፈሰሰ»፣ «ፈሰሰ» ይል ነበረ፤
ደምሬ ስጨርስ ሁለት ሺህ ሊትር አለፈ።
ይህን ያህል ናፍጣ አፈሩን ካጠጣው ምን ሣር ተረፈ?
ጉድጓዱ ግን ሌላ! አንድ ክንድ ጠቆረ፣
ከዚያ ወዲያ ጤነኛ፤ ትል ይላወስ ነበረ።
ፀዳለ አየችኝ። እኔ እሳቸውን አየሁ።
እሳቸው ሩቅ ያያሉ፣ ጓሳው በነፋስ ሲተኛ።

«የካቲት ዐሥር ቀን አርባ ሊትር ፈሰሰ። የት ነው የፈሰሰው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።
«የአስካለ ምጥ ነው። እልል እስኪባል ድረስ አላጠፋሁባት።»
«ሚያዝያስ?»
«የነሽብሩ ሠርግ። ሙሽሪት ስትገባ ጨለማ ነው እንዴ የሚቀበላት?»
«ነሐሴ? ሰባ ሊትር!»
ዝም አሉ። ጣታቸው ቁልፉን ይዳብሳል።
«ሚስቴ ያረፈች ዕለት ነው» አሉኝ፤ «ሌሊቱ ይረዝማል።»

ቅጹ ክፍት ቦታ አለው፦ የብክለት መጠን። ምክንያት። ፊርማ።
ፀዳለ ጉድጓዱን በአካፋ ሞላችው፣ አንዳች ሳታሰማ፤
አፈሩን በጫማዋ ረገጠች፣ ረገጠች።

ዐሥራ ሁለት ሞላ።
ከሩቅ የመጣው መስመር ከተማዋን አበራት፣ ማንም ሳይነካት፣ ባንዴ፤
የእሳቸው እጅ ግን በልማድ ተነሥቶ
ማብሪያው የነበረበትን አየር ጨበጠ።

ላቀው ጥሩምባ ነፋ፤ አንዱ ጎማ ተንፍሷል።
ቁልፉን ሰጡኝ። ይሞቃል።
ብዕሬን አወጣሁ፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፤
«ሁለት ሺህ ሊትር፣ ፈሰሰ» ብዬ ፈረምኩ።