የቆመ ፀጉር

ኅዳር ሃያ ሌሊት፣ የጽዮን ዋዜማ፣
ጦሳ ጉም ሲያወርድ በተኛው ከተማ፣
ጸናጽል ይዣለሁ፣ መቋሚያ በብብቴ፣
ብርዱ በነጠላ ዘልቆ እስከ ጉልበቴ።

መሪጌታ ዘርዐ ጽዮን ዜማውን ሲያነሡ፣
ከግዕዝ ተነሥተው አራራይ ሲደርሱ፣
የክንዴ ፀጉር ሁሉ ብድግ ብሎ ቆመ፣
ወንጌል እንደሰማ ምእመን ታደመ።

ሣቄ መጣ ያኔ፤
በነጠላዬ ጫፍ ሸሸግሁት ለእኔ።

ትናንት ነው፣ ሆጤ ማዶ፣ በአራተኛው ፔሬድ፣
ስለ ፀጉር ሥር ጡንቻ፣ ስለ ላብ፣ ስለ ብርድ፣
ጠመኔ እጄን በልቶት ሳስተምር እንዲህ ብዬ፦
«ሲበርደን፣ ስንፈራ የሚቆም ፀጉራችን፣
ጠጉር የለበሱ የጥንት ዘመዶቻችን
የተዉልን ኮት ነው፤
ጨርቁ ነትቦ አልቆ ቁልፉ ብቻ ቀረን፣
ክንዳችን ይቆልፋል ዛሬም በበረደን።»

የትናየት እጇን ከኋላ አነሣች፤
«መምህር፣ እሑድ ለት ቅዳሴ አየሁዎት» አለች፣
«ሲገቡ ይኼን ትምህርት የት ነው ሚያስቀምጡት?
ከጫማዎ ጋራ ነው ደጅ ላይ የሚተዉት?»

ክፍሉ ሣቀ። ዘምዘም ግን፣ ሻሿን አስተካክላ፣
«በኛም ቤት ይኸው ነው» አለች ቀስ ብላ፣
«አባዬም ጠይቆኝ መልስ አጥቼለታለሁ፣
እርስዎ ሲመልሱ ለሱም እነግራለሁ።»

አዳነኝ ደወሉ፤ ሐረጎ ላይ የወደቀ
የኤንትሬ ቸርኬ ነው፣ ከሞት የዘለቀ።

ሲነጋ ነፍስ አባቴን ደጀ ሰላም አገኘሁ፣
መምሬ ይርዳውን፤ ሁሉን ዘረገፍሁ፦
ፀጉሩን፣ ጡንቻውን፣ የትናየትን፣ ኮቱን፣
ሚሊዮን በሚሊዮን ላይ መደራረቡን።

እሳቸው ከክህነት በፊት፣ በልጅነት፣
ገራዶ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ ስንት ስንት
ቀለም እንዳለው አፈር ከኔ ይልቅ ያውቃሉ፤
ቀይ፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከሥሩ ነጭ። «ይወርዳል» ይላሉ፣
«ይወርዳል እንጂ አያልቅም።»

ቁጣ ጠብቄያለሁ። ቀኖና። ስግደት።
መቁጠሪያው ከጣታቸው መሃል ላይ ቆመ፤
ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ተገረመ፦
«ይኼን ሁሉ ዘመን... ታገሠ ማለት ነው?»
ቆየት አሉና፦
«አፈር መሆናችን፣ እሱን ነግሮናል፤
ስንት ዘመን እንዳሸን ግን ለራሱ ይዟል።»

ቀለል አለኝ። ግን ከፊታቸው አልሄድሁም ገና፣
አንድ እሾህ ነበረኝ ከሁሉ የጠና፦
«አባ፣ ሞት ከአዳም በፊት ከነበረ፣
ስንቱ ግልገል በአውሬ ጥርስ ከተሰበረ፣
የማን ዕዳ ነው ሞት? አዳምስ ምን ጨመረ?
መስቀሉስ...»
አልጨረስሁትም።

በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ጫሩት፤
ላዩ ግራጫ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት
ቀይ ብቅ አለ። ቀዩን አዩት። አየሁት።
«አላውቅም» አሉኝ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ስናዘዝ እሳቸው ፊት፣
ይህን ቃል ካፋቸው ዛሬ ነው የሰማሁት።
ከዚያ ባረኩኝ፣
እንዳላወቁት ሆነው፣ ራሴ ላይ መስቀሉን
እንደ ሁልጊዜው አሳርፈው።

ደጃፉ ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ ጠጠር ነበረው፤
ላራግፈው አልኩና ተውኩት፤ ይቆርቁረኝ ይኸው።
ወደ ፒያሳ ወረድሁ፣ እያነከስሁ ጥቂት።
ሰኞ ደግሞ ይመጣል፤ የትናየት ፊት
ጫማዬን አውልቄ አሳያት ይሆናል፣
የዘምዘም አባትም መልስ ይጠብቃል።

አንድ ባጃጅ አለፈ፣ ጉሙን ለሁለት ቀዶ፤
ጉሙ መልሶ ገጠመ።
የክንዴ ፀጉር ቆመ።
ከብርዱ ይሁን ከዜማው
እንጃ፤ ክንዴም አልለየው።