እንደተጻፈው

ከአወይቱ ድልድይ ወዲህ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
ሳጥን ገልብጬ እቀመጣለሁ፣ ከነቀለሜ ከነቴምብር።
ስሙኒ ለማንበብ፣ ሽልንግ ለመጻፍ፤
ማሳ የለኝ፣ በሬ የለኝ፣ እንጀራዬ የሰው አፍ።

አባ ራያ በየወሩ፣ ሐሙስ ሲቆም ገበያው፣
ከጎማ ይመጣል በበቅሎ፣ ጭቃ አልብሶት ጎዳናው፤
ደብዳቤውን በጋቢው ጫፍ፣ እንደ ክታብ ቋጥሮ፣
ማኅተሙን ሳይነካው፣ እንደ አደራ አክብሮ።
«አንብብልኝ» ይላል። ፊደል አያውቅም፤
ጀንፈል ግን በእጁ ይመዝናል፣ አንድ ፍሬ አይስትም።

ግራዝማች አሰግድ ከአዲስ አበባ፣ «አንተ ሌባ!» ይጀምራሉ፤
«መቶ ፈረሱላ ቡናዬ፣ ስልሳ ሆኖ መጣ» ይላሉ።
እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ፦ «ለታማኙ ወኪላችን፣
ጤናህ እንዴት ነው? በምርቱ፣ ቅሬታ አለን በልባችን።»

እሱም ይመልሳል፣ ድንጋይ እንደሚወረውር፦
«በላቸው! ግማሹን ዝንጀሮ፣ ግማሹን ዝናብ በኅዳር!
ለቃሚው ሒሳቡን ሲጠይቅ፣ በሬዬን ሸጬ ከፈልኩ፤
አንድ ቀን ያልረገጡትን ማሳ፣ ስምንት ዓመት ጠበቅኩ!»

እኔ እጽፋለሁ፦ «ጌታዬ ሆይ፣ እግርዎን እስማለሁ፤
አይቆጡ፣ በመጪው መኸር፣ ጉድለቱን እሞላለሁ።»
አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ ከሥሩ ያትማል፤
ምን እንዳተመ ሳያውቅ፣ አመስግኖኝ ይሄዳል።

ሰርቆ ይሆን? አላውቅም።
ያን ስልሳ እኔ አልመዘንኩም።
ድልድይ ነኝ ብዬ ነበር፤ ከወዲያ እሬት ተቀብዬ፣
ከወዲህ ማር አቀብላለሁ፣ «ሰላም ይሻላል» ብዬ።

በዘጠነኛው ግራዝማች፣ በላንድሮቨር መጡ ራሳቸው፤
የገዛ መሬታቸውን ለማግኘት፣ መሪ አስፈለጋቸው።
ከሰሱ።

ዳኛው ወረቀት አነሱ፦ «ይህ አውራ ጣት ያንተ ነው?»
«የኔ ነው።» «‹ጉድለቱን እሞላለሁ› ይላል፤ ታዲያ ምን ትላለህ ዛሬ ለዚህ ቃልህ?»
አባ ራያ ቆመ። አልገባውም። ጋቢውን ፈታ ቀስ ብሎ፤
ስምንት ዓመት የያዘውን፣ አንድም ሳይጎድል ቆልሎ፦
«እኚህ ሰው ዛሬ ተቆጡ እንጂ፣ ያከብሩኝ ነበር ጌታዬ፤
ጤናዬን ሳይጠይቁ አይጽፉም፤ ያው ይነበብ ማስረጃዬ።»

ዳኛው የላይኛውን ከፈቱ፤
«አንተ ሌባ» አሉ፣ እንዳለ፣ እንደ ፊደሉ፣ እንደ ቃሉ።
ሁለተኛውን፦ «አንተ ሌባ»።
ሦስተኛውን ሳይጨርሱ፣ አባ ራያ አንገቱን አዞረ፤
ወደ ግራዝማች አልነበረም። ከኋላ ወንበር፣ እኔን ነበረ።

አርባ ፈረሱላ ተፈረደበት፣ ከነኪሳራው።
ግራዝማች በላንድሮቨር ሄዱ፤ አቧራው እኛ ላይ ቀረ።

ማታ ሳጥኔን ስሸክፍ፣ ጥላ ወደቀብኝ ከላይ፤
ስሙኒ አስቀመጠ ከፊቴ፣ ዓይኔን ሳያይ፤
የፍርዱን ግልባጭ ዘርግቶ፦
«አንብብልኝ» አለ።
«ግን እንደተጻፈው።»